ሻንጣ የሚፈተነው ደረጃ ላይ ነው

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ልትሄድ ነው። ባለፈው ሳምንት “አክስቴ፣ ሻንጣ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?” ብላ ፎቶ ደረደረችልኝ። ሁሉም ያምራሉ። አንዱ ሐምራዊ ነው፣ አንዱ ጠርዙ ወርቃማ ነው፣ አንዱ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ነው። እኔ የጠየቅኳት ግን ሌላ ነገር ነው፦ “ከምትወርጂበት ጣቢያ እስከ ማደሪያሽ ድረስ መንገዱ ምን ይመስላል? ደረጃ አለው?” አላወቀችም። “በይ እሱን አጣሪና እንደገና እናውራ” አልኳት።

ሥራዬ ብዙ ያስጓዘኛል። ቀኝ ትከሻዬን ከታመምኩ ወዲህ ደግሞ ሻንጣን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ለስላሳ ወለል ላይ መጥፎ ሻንጣ የለም። ሱቅ ውስጥ ባዶውን በአንድ ጣት ገፋ ስታደርጉት ሁሉም ይሄዳል። ልዩነቱ የሚታየው ወለሉ ሲያልቅ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ሲመጣ፣ የባቡሩ በር ከመድረኩ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ኮብልስቶኑ ሲጀምር፣ ዝናብ ሲዘንብ። ሻንጣውን ተሸክማችሁ የምታልፉባት ያቺ አጭር መንገድ ናት ምርጫውን መወሰን ያለባት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ባዶ ክብደቱን እዩ። ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ክፍል ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው። ሻንጣው ባዶውን 5 ኪሎ ከመዘነ ለዕቃችሁ የቀረው 18 ብቻ ነው። 3 ኪሎ ከሆነ 20 አላችሁ። የእጅ ሻንጣ ላይ ነገሩ ይብሳል። የእጅ ሻንጣን በ7 ኪሎ የሚገድቡ አየር መንገዶች አሉ። ባዶውን 3 ኪሎ ተኩል የሆነ ቄንጠኛ ሻንጣ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ግማሹን ፈቃድ ገና ካልሲ ሳታስገቡ ጨረሳችሁት ማለት ነው። የሻንጣው መለያ ወረቀት ላይ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁት። መመዘኛ ካለ አስመዝኑት። ማንም አይቆጣም።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ትልቁን አትግዙ። ትልቅ ሻንጣ ባዶ ቦታ አይወድም። ቦታ ካለ “ይቺን ጫማም ልጨምር” እየተባለ ይሞላል። ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ ሻንጣ በልብስና በጫማ ሲጠቀጠቅ 23 ኪሎን በቀላሉ ያልፋል። ከዚያ መዝጋቢው ፊት ወለል ላይ ከፍቶ፣ ሰው እያየ፣ ዕቃ ማውጣት ይመጣል። 32 ኪሎ ደግሞ የአንድ ሻንጣ የመጨረሻው ጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ የሆነውን ብትከፍሉበትም ብዙ ቦታ አይቀበሉትም፤ በእጁ የሚያነሳው ሠራተኛ ወገብ አለውና። ከ65 እስከ 75 ሊትር የሚይዝ መካከለኛ ሻንጣ ለአብዛኛው መንገደኛ ይበቃል። ሲሞላም አንድ ሰው ሊያነሳው የሚችል ነገር ሆኖ ይቀራል።

ለሚጫነው ሻንጣ ብዙ አየር መንገዶች የሚያስቀምጡት ልክ ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእጅ ሻንጣ በብዛት የምታገኙት ወደ 55 በ40 በ20 ወይም በ23 የሚጠጋ ልክ ነው። ግን ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የምትበሩበትን ገጽ ከፍታችሁ እዩ። ሜትር ይዛችሁም ለኩ። የሚለካው ከነጎማው፣ ከነእጀታው ነው። አንዳንድ ሻንጣ መለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የገላው ብቻ ነው፤ ጎማው ሲጨመር 55 የተባለው 58 ሆኖ ይገኛል። መሀሉ ላይ ዞሮ ሲከፈት ሻንጣውን የሚያሰፋውን ዚፕም ልብ በሉት። ተከፍቶ ሲሞላ ውፍረቱ ከልኩ ያልፋል። ለሚጫነው ሻንጣ ጥሩ ነገር ነው፤ ለእጅ ሻንጣ ግን እዳ ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ፤ ጎማ።

በርናርድ ሳዶው የሚባል አሜሪካዊ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ከቤተሰቡ ጋር ከአሩባ ደሴት ከእረፍት ሲመለስ ሁለት ከባድ ሻንጣ በእጁ ተሸክሞ ነበር። አንድ ሠራተኛ ከባድ ማሽን በጎማ ላይ አድርጎ ያለምንም ድካም ሲገፋ አየ። “ሻንጣውም ይሄ ነው የሚያስፈልገው” አለ። የፈጠራ መብቱን በ1972 አገኘ። የሱ ሻንጣ በአግድሙ የተኛ፣ ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው፣ በጠፍር የሚጎተት ነበር። መሬቱ ትንሽ ሲዛነፍ ወይም መታጠፍ ሲመጣ ይወላገድና ይወድቃል። በ1987 ደግሞ ሮበርት ፕላት የተባለ የአውሮፕላን አብራሪ ሻንጣውን አቆመው። ሁለት ጎማ ሰጠው፣ የሚወጣና የሚገባ ረጅም እጀታ ገጠመለት። መጀመሪያ የያዙት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። አብራሪዎችና አስተናጋጆች ሻንጣቸውን ቀጥ አድርገው እየጎተቱ ሲያልፉ ተሳፋሪው አየና እሱም ፈለገ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለት ጎማና የአራት ጎማ ጉዳይ ዛሬም አልተዘጋም። ሻጩ አራት ጎማ ያለውን “አዲሱ እሱ ነው” ብሎ ይሰጣችኋል። አራት ጎማ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ ነው። ጎናችሁ አድርጋችሁ ትገፉታላችሁ፤ ትከሻ አይነካም። እኔ ረጅም የአየር ማረፊያ ኮሪደር ላይ ከሱ ሌላ አልመኝም። ግን ዳገትና ቁልቁለት ሲመጣ ይሸሻል። አውቶብስ ውስጥ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ተነስቶ ይሄዳል። ጎማዎቹ ከገላው ውጪ ተንጠልጥለው ስለሚገኙ ሲወረወር ቀድመው የሚመቱት እነሱ ናቸው። ደግሞ ከተፈቀደላችሁ 55 ሴንቲ ሜትር ላይ የጎማውን ቁመት ይወስዳሉ። ውስጡ በዚያው ልክ ያጥራል።

ሁለት ጎማ ያለው ሌላ ጠባይ አለው። ጎማው ትልቅ ነው፣ ግማሹ ገላው ውስጥ ተቀብሯል። ድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ኮረት ላይ፣ የመንገድ ጠርዝ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ትጎትቱታላችሁ፤ ይከተላል። ባቆማችሁት ቦታም ይቆያል። ክብደቱ ግን የተወሰነው እጃችሁ ላይ ያርፋል፤ ትከሻ የታመመ ሰው ሲሞላ ይሰማዋል። ስለዚህ የእኔ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ የሚጫነው ትልቁ ባለ አራት ጎማ ይሁን፣ ሁሌ አብሮኝ የሚሆነው የእጅ ሻንጣ ባለ ሁለት ጎማ። መንገዳችሁ ከአየር ማረፊያ ታክሲ፣ ከታክሲ ሆቴል ከሆነ አራት ጎማ ያዙ። ከአውቶብስ ባቡር፣ ከባቡር በእግር ከሆነ ያለ ጥርጥር ሁለት ጎማ።

ሱቅ ስትገቡ ሻንጣውን ገልብጡት። እኔ የእህቴን ልጅ ይዤ የሄድኩ ዕለት መጀመሪያ ያደረግነው ይሄን ነው። ጎማው ወደ ላይ ሆኖ በጣታችሁ ምታ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። ጥሩ ጎማ ድምፅ ሳያሰማ ቆይቶ ቆይቶ ይቆማል። መጥፎው ቀርቀር ብሎ ወዲያው ይቆማል። ቀጥሎ ጎማውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው። እንደ ወተት ጥርስ የሚነቃነቅ ከሆነ ተዉት። ከዚያ በጥፍራችሁ ላዩን ጫን በሉት። ላስቲክነት ያለው ጎማ ጥፍር ትንሽ ይቀበላል፤ መንገድ ላይም ጸጥ ይላል። ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ ሌሊት ደርሳችሁ ሰፈሩን ሁሉ ትቀሰቅሳላችሁ። በመጨረሻ ጎማው በምን እንደተያዘ እዩ። በብሎን ከሆነ አንድ ቀን ሲሰበር ትቀይሩታላችሁ። በሪቬት (ተመትቶ ጫፉ በሚደፈጠጥ፣ በማይፈታ ሚስማር) የተመታ ከሆነ መቀየሩ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ሻንጣውን ሙሉ የሚጥለው ለዚህ ነው።

ልጅቱ በፎቶ የወደደችው ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሻንጣ እዚህ ፈተና ላይ ቀረ። አንዱ ጎማ ገና ሳይገዛ ያዘነብላል። ትንሽ ከፋት። ከዛ ራሷ እየገለበጠች ማየት ጀመረች፤ እኔ መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ባዶ ሻንጣ ገፍታችሁ ብቻ አትወስኑ። ከተፈቀደላችሁ ሌላ ትንሽ ሻንጣ፣ መጽሐፍ፣ የያዛችሁትን ቦርሳ ሁሉ ውስጡ ክተቱና ሂዱበት። በአንድ እጅ ወደ ጎን ግፉት፣ ዙሩበት። ክብደት ሲገባበት ጠባዩ የሚለወጥ ሻንጣ ብዙ ነው።

እጀታውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳቡና ወዝውዙት። ትንሽ መወዛወዝ ሁሉም አለው። የምትፈልጉት ሲከፈትና ሲዘጋ የማይነክስ፣ ቁልፉ ሲጫን ወዲያው የሚለቅ ነው። ከአንድ በላይ ከፍታ ላይ የሚቆም ቢሆን ጥሩ ነው። ባለ ሁለት ጎማ ስትጎትቱ እጀታው ካጠረባችሁ ሻንጣው ተረከዛችሁን እየመታ ይከተላችኋል። ረጃጅም ሰዎች ይህን ሱቅ ውስጥ ሞክሩት፤ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ትንንሾቹ መያዣዎች ናቸው። ላይ አንድ፣ ጎን አንድ፣ ታች አንድ መኖር አለበት። ደረጃ ስትወጡ ሻንጣውን የምታነሱት በጎኑ ነው። ከመቀመጫ በላይ ያለው ማስቀመጫ ውስጥ ስትከቱና ከሚዞረው ቀበቶ ላይ ስታወርዱ የታችኛው መያዣ ወገባችሁን ያድናል፤ በሁለት እጅ፣ ከላይና ከታች ይዛችሁ ታነሳላችሁ። የታችኛው መያዣ የሌለው ሻንጣ እኔ አልገዛም። መያዣዎቹ የተሰፉበትን ቦታ ጎተት አድርጉና ስፌቱን እዩ። ክሩ ድርብ መሆኑን፣ ጫፉ አለመላላቱን። ውስጡንም ገበሩን ገልጣችሁ ተመልከቱ። መያዣው ከውስጥ ማጠናከሪያ ያለው ነው ወይስ ጨርቁ ላይ ብቻ የተሰፋ?

ስለ ገላው ብዙ ክርክር አለ። እኔ እንደሌሎቹ ነገሮች አላከርረውም። ደረቅ ገላ የምትፈልጉ ከሆነ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ኤቢኤስ ከሚባለው ይሻላል። በመዳፋችሁ መሀሉን ጫኑት። ገባ ብሎ ሲለቀቅ ተመልሶ የሚነሳ ሻንጣ ሲወረወር ጉልበቱን ይውጠዋል። ኤቢኤስ ደረቅ ነው፣ ብርድ ላይ ሲመታ ይሰነጠቃል። ሌላው ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ቀላልና ቻይ ነው። አሉሚኒየም ያምራል፣ ይጎደጉዳል፣ ይከብዳል። ጉድጓዱን እንደ ትዝታ የሚወዱለት አሉ፤ እኔ ግን የማስበው ያን ኪሎ ነው። የጨርቅ ሻንጣ ላይ “1680 ዲ” የሚል ብታዩ ዲው ዴኒየር ነው፦ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚነግር ቁጥር። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል። ባሊስቲክ ናይለን የሚባለው ጠንካራ ጨርቅ መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብራሪዎችን ከፍንጣሪ ለመከላከል የተሠራ ጃኬት ነው። አሁን ካሉኝ ሻንጣዎች ሁሉ ቶሎ የማያረጀው እሱ ነው።

በደረቅና በጨርቅ መካከል እኔን የሚወስነኝ ግን የክፍሉ ስፋት ነው። ብዙዎቹ ደረቅ ሻንጣዎች እንደ መጽሐፍ መሀል ለመሀል ስለሚከፈቱ ወለል ላይ እጥፍ ቦታ ይፈልጋሉ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአልጋውና ከግድግዳው መሀል ለመክፈት ሞክሩት! የጨርቁ ፊቱ ብቻ ተገልጦ ይከፈታል፤ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ውጪውም ኪስ አለው። ሹራብ፣ ወረቀት፣ ቻርጀር ሻንጣውን ሳትከፍቱ ታወጣላችሁ። ዝናብ ላይ ደረቁ ይሻላል። እሱም ቢሆን በዚፑ በኩል ውኃ ሊያስገባ ይችላል።

ዚፕ ካነሳን አይቀር፣ የዚፑን መሳቢያ ገልብጡና ጀርባውን እዩ። 5፣ 8፣ 10 የሚል ቁጥር ሊኖርበት ይችላል። የተገጠመው ጥርስ ወርድ በሚሊ ሜትር ማለት ይቻላል። ለዋናው መክፈቻ 8 ወይም 10 ፈልጉ፤ 5 ለኪስ ይበቃል። ዚፑን ጥግ ጥጉ ላይ ፈጠን አድርጋችሁ ክፈቱና ዝጉ። ማዕዘን ላይ የሚይዝ ዚፕ ሻንጣው ሲሞላ ይሰነጠቃል።

መቆለፊያውን ግን ከሚገባው በላይ አትመኑት። ጥምዝምዝ ጥርስ ያለውን ዚፕ ሰው በእስክሪብቶ ጫፍ መሀሉን ወግቶ ይከፍተዋል። ከዚያ የተቆለፉትን መሳቢያዎች እንደተያያዙ ወዲያና ወዲህ ጎትቶ መልሶ ይዘጋዋል። አንተ ቁልፍህን አይተህ “ደህና ነው” ትላለህ። የአሜሪካ አየር ማረፊያ ፈታሾች ሳይሰብሩ የሚከፍቷቸው፣ ቀይ ምልክት ያለባቸው መቆለፊያዎችም አሉ። የነሱ ዋና ቁልፎች ፎቶ በጋዜጣ ወጥቶ፣ ሰዎች ከፎቶው በ3ዲ ማተሚያ ቁልፍ እስከመሥራት ደርሰዋል። መቆለፊያ ዚፑ በራሱ እንዳይከፈት ይረዳል። ለዚያ ያዙት። ወርቅ፣ ኮምፒውተር፣ መድኃኒት፣ ሰነድ ከእጃችሁ አይለይ።

ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ሻንጣስ? እሱን ለልጅቱ ስልክ ላይ ነው ያስረዳኋት። ባትሪው የሚወጣ ካልሆነ ብዙ አየር መንገዶች አይቀበሉትም፤ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ከልክለውታል። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ እሳት ቢነሳ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ የሚደርስለት ሰው የለም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚለው የተለመደው ፓወር ባንክ ወደ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል። አውሮፕላኑ ሞልቶ በር ላይ የእጅ ሻንጣችሁን ወስደው ሊጭኑት ቢሉ ፓወር ባንኩን መጀመሪያ አውጡ። ለዚህም የውጪ ኪስ ያለው ሻንጣ ይመቻል።

መንገዳችሁ ደረጃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጎማውን ጭራሽ እርሱት። የጀርባ ቦርሳ ያዙ። ግን የወገብ ቀበቶ ያለውን፤ ቀጭን ጠፍር ሳይሆን ወፍራምና ዳሌ ላይ የሚያርፍ ቀበቶ። በደንብ ሲታሰር አብዛኛውን ክብደት ከትከሻ ወደ ዳሌ ያወርደዋል። የቦርሳው ልክ የሚታወቀው በቁመታችሁ ሳይሆን በጀርባችሁ ርዝመት ነው። አንገታችሁን ወደ ፊት ስትደፉ ከምትወጣው አጥንት ጀምሮ እስከ ዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ድረስ ይለካል። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቁመታችን እኩል ነው፤ ቦርሳችን ግን አይለዋወጥም።

ልጅቱ በመጨረሻ የያዘችው ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ የጨርቅ፣ መካከለኛ ሻንጣ ነው። ማደሪያዋ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። አጣርታ መጥታለች። ጥቁር ሰማያዊ ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰል እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ ጠቅልለን ሰፋንበት። የሚንጠለጠል ሪባን አላሰርንም፤ ማሽኑ ላይ ይያዛል። ስሟንና ስልኳን ከውጪ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ጻፈች፤ የውጪው መለያ ይበጠሳል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሻንጣ ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከነጎማው። ተሰብሮ ከመጣ ከአዳራሹ ሳትወጡ አሳዩና ወረቀት አስጽፉ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ለተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ የሚቀርበው ሻንጣውን በተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ነው። ዘግይቶ ለደረሰ ደግሞ ሻንጣው ከተሰጣችሁ ቀን ጀምሮ 21 ቀን አላችሁ። ጎማው ብቻ ከሆነ የተሰበረውና በብሎን የተያዘ ከሆነ፣ ዲያሜትሩን፣ ውፍረቱንና የመሀል ቀዳዳውን ለክታችሁ ተመሳሳዩን ፈልጉ። ገበሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ዚፕ ስትከፍቱ ብሎኖቹ ይታያሉ። ካቻቪቴና ትንሽ ትዕግሥት ካለ እቤት የሚያልቅ ሥራ ነው።